የጎጌቲ ጠመንጃ በአሜሪካ ገበያ፦ አሮጌ የጦር መሣሪያ በምን ይመዘናል?

በ2010ዎቹ ዓ.ም. በኢትዮጵያ የጦር ግምጃ ቤቶች ለብዙ አሥርተ ዓመታት ተከማችተው የኖሩ አሮጌ ጠመንጃዎች በሺዎች እየተቆጠሩ ወደ አሜሪካ ተጭነው፣ ሮያል ታይገር ኢምፖርትስ በተባለ አስመጪ ድርጅት በኩል ለሰብሳቢዎች ተቸርችረዋል። እዚህ ላይ ሰብሳቢ የሚባለው የመሣሪያውን ታሪክ፣ የአሠራር ጥበብና ብርቅነት ፈልጎ የሚገዛ፣ ብዙ ጊዜም አንድ ጥይት ሳይተኩስበት የሚያስቀምጥ ሰው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ገዢ የቀረበው የኢትዮጵያ ክምችት በአንድ አገር ግምጃ ቤት ይገኛል ተብሎ የማይጠበቅ ስብጥር ነበረው፤ ኢትዮጵያውያን ውጅግራ የሚሉት የፈረንሳይ ግራ፣ የእንግሊዝ ማርቲኒ ሄንሪ፣ የጣሊያን ቬተርሊና ካርካኖ፣ የሬሚንግተን ጠመንጃ፣ የቤልጅግና የጀርመን ማውዘር፣ እስከ አሜሪካው ኤም 1 ካርባይን ድረስ የአንድ ክፍለ ዘመን የጦር መሣሪያ ታሪክ በአንድ ጭነት ተጠቃሎ ወጥቷል።

ይህ ንግድ በሁለት መንገድ ሊታይ ይችላል። ለሻጩ ያረጀና ቦታ የያዘ ብረት ወደ ገንዘብ የሚለወጥበት፣ ለገዢው ደግሞ ከሌላ ስፍራ የማይገኝ ዕቃ በእጅ የሚገባበት ግብይት ነው። ሆኖም በሁለቱም በኩል ስሌቱ አንድ ዋና ነገር ይጎድለዋል፤ የእነዚህ ጠመንጃዎች ብርቅነት ከብረታቸው ይልቅ ካለፉበት ስፍራና እጅ የሚመነጭ ስለሆነ፣ የመጡበት ግምጃ ቤት፣ የተገኙበት ሁኔታና የያዛቸው ጦር ሳይመዘገብ የሚሸጥ ጠመንጃ የዋጋውን የተሻለ ክፍል ገና ከመርከብ ሳይወርድ ያጣል። ስለዚህ የአሮጌ ጠመንጃ ምዘና ከአፈሙዝ በፊት በመዝገብ መጀመር ነበረበት። የዚህ ትንታኔ ክርክር ይኸው ነው፤ ለማስረዳትም ጠመንጃዎቹ ወደ ኢትዮጵያ እንዴት እንደ ገቡ መመልከት ያስፈልጋል።

ነገሩ የሚጀምረው ከባሩድ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽና ከዚያም በኋላ የአውሮፓ ጦሮች ይጠቀሙበት የነበረው ጥቁር ባሩድ ሲተኮስ ወፍራም ጭስ የሚያወጣ፣ አፈሙዝን በጥላሸት የሚሞላና ትልልቅ የእርሳስ ጥይት የሚፈልግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1886 ፈረንሳይ ጭስ አልባ ባሩድ የሚጠቀመውን ባለ 8 ሚሊ ሜትር የለቤል ጠመንጃ ስትታጠቅ ግን በአህጉሩ የነበረው ጠመንጃ ሁሉ በአንድ ጊዜ አረጀ፤ ገና አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላቸው ባለ 11 ሚሊ ሜትር የግራ ጠመንጃዎች እንኳ ከጦር ሠራዊት ወጥተው ወደ ነጋዴ መጋዘን ወረዱ። ነጋዴዎቹም ገዢ ያገኙት በቀይ ባሕርና በኤደን ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ ነበር። እንግዲህ ኢትዮጵያ ዛሬ የትርፍ መሣሪያ ሻጭ ሆና ከመቅረቧ በፊት ለረጅም ጊዜ የትርፍ መሣሪያ ገዢ ነበረች፤ አውሮፓ የጣለውንም መርጣና ተከራክራ ትገዛ ነበር።

የዚህን ግብይት ገጽታ ከሚያሳዩት ማስረጃዎች ሁሉ የላቀው በገጣሚነቱ የሚታወቀው የፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ ጉዳይ ነው። ራምቦ ግጥም መጻፍ ከተወ በኋላ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ በታጁራ በኩል 2,040 ጠመንጃዎችና 60,000 ጥይቶች ጭኖ ወደ ሸዋ ንጉሥ ምኒልክ ለመሸጥ ተጉዟል። ለቤተሰቡ በጻፈው ደብዳቤ እንደሚገልጸው ጠመንጃዎቹ ከአርባ ዓመት በፊት ከጦር ሠራዊት የወጡ፣ በአፈሙዝ በኩል የሚጎርሱና በተኳሽ ቆብ የሚቀጣጠሉ ነበሩ፤ በቤልጅግ ሊየዥ ወይም በፈረንሳይ የአሮጌ መሣሪያ ነጋዴዎች ዘንድ በ7 ወይም በ8 ፍራንክ ይሸጡ የነበሩት ሸዋ ሲደርሱ 40 ፍራንክ ገደማ ይጠየቅባቸው ነበር። ራምቦ የጠበቀውን ትርፍ አላገኘም። ምኒልክ ዕቃውን በጅምላ ዋጋ ቆርጠው ከመውሰዳቸውም በላይ የሞተውን ሸሪኩን ዕዳ ከሒሳቡ ቀንሰዋል። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ገጣሚው ዕድል ሲባል ነው፤ ስለ ገዢው የሚለው ግን ይበልጥ ትኩረት ይገባዋል። ምኒልክ የተኳሽ ቆብ ጠመንጃ ዘመኑ እንዳለፈበትና ከኋላ የሚጎርሰው ሬሚንግተን እንደሚበልጠው ጠንቅቀው የሚያውቁ፣ የትርፍ መሣሪያን ደረጃና ዋጋ የሚለዩ ገዢ ነበሩ።

ሌላው የመሣሪያ ምንጭ ድል ነበር። በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራዕ ጦርነቶች የአፄ ዮሐንስ 4ኛ ሠራዊት ከግብፅ ጦር የማረካቸው ሬሚንግተኖች በሰሜን ኢትዮጵያ ተሠራጭተዋል፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በአድዋ ደግሞ 56 መድፎችና 11,000 ያህል ጠመንጃዎች ከጣሊያን ጦር እንደ ተማረኩ ይጠቀሳል። በአድዋ የተሰለፈው የጣሊያን ወታደር በብዛት የያዘው ባለ 10.4 ሚሊ ሜትሩን ቬተርሊ ስለነበር፣ ዛሬ በአሜሪካ ገበያ ከኢትዮጵያ መጣ ተብሎ የሚቀርብ የ1870 ሞዴል ቬተርሊ ሁሉ ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ታሪኮች ሊኖሩት ይችላል፤ ከውጫሌ ውል በፊትና በኋላ ጣሊያን ለምኒልክ የሰጠችው ወይም የሸጠችው፣ በአድዋ የተማረከው፣ ወይም በ1928 ዓ.ም. ወረራ ጊዜ ጣሊያኖች ለቅኝ ወታደሮቻቸው ያስታጠቁት። ሦስቱ ጠመንጃዎች በብረታቸው አንድ ናቸው። በታሪካቸውና፣ ገበያው ቢያውቅ ኖሮ፣ በዋጋቸው ግን ፈጽሞ አይገናኙም።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሁኔታው ተለወጠ። ነሐሴ 1922 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከእንግሊዝ፣ ከፈረንሳይና ከጣሊያን ጋር በተፈራረመችው ውል መሣሪያ የማስገባት መብቷ ታወቀ፤ የቤልጅግ መኮንኖች የክብር ዘበኛን ለማሠልጠን መጡ፤ ሊየዥ አጠገብ ከሚገኘው ኤፍ ኤን ፋብሪካም ባለ 7.92 ሚሊ ሜትር አዳዲስ ማውዘሮች ተገዙ። ከእነዚህ መካከል በጥይት ማደሪያው ላይ የይሁዳ አንበሳ የተቀረጸባቸው አሉ። ወረራው ሲቃረብ ጀርመን በበኩሏ ለራሷ ፖለቲካ ስትል ማውዘር ጠመንጃዎችን በምስጢር ላከች። ይሁን እንጂ የዘመቻ ክተት ሲታወጅ ከየአውራጃው የወጣው ሠራዊት በብዛት የያዘው የአባቱን ውጅግራ፣ ሰናድርና ምንሽር የተባሉ አሮጌ ጠመንጃዎች ነበር፤ በአንድ አለቃ ሥር የሚዋጉ ሰዎች የአንዱ ጥይት ለሌላው ጠመንጃ የማይሆንበት ይህ ሁኔታ ለሽንፈቱ አስተዋፅኦ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ነው።

በጉራጌ የምትገኘው ቡታጅራና አካባቢዋ የዚህን ሠራዊት የመጨረሻ ምዕራፍ አይተዋል። በአድዋ የመድፈኛ አዛዥ የነበሩት የጉራጌው ተወላጅ ደጃዝማች ባልቻ ሳፎ በሽምግልናቸው ዳግመኛ ተነሥተው በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ በተወለዱበት በጉራጌ ምድር ከጣሊያን ጋር ሲዋጉ ወደቁ። ከሦስት ወር ያህል በኋላ ከሲዳሞ እየተዋጉ ወደ ጉራጌ የዘለቁት ራስ ደስታ ዳምጠው፣ ደጃዝማች በየነ መርዕድና ደጃዝማች ገብረ ማርያም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በጎጌቲ ከጠላት ጋር ገጠሙ፤ ይህም በአዲስ አበባ በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተወረወረበት ዕለት መሆኑ ነው። ደጃዝማች ገብረ ማርያም በጦርነቱ ሲሞቱ ደጃዝማች በየነ ተይዘው ተገደሉ። ራስ ደስታም ከአምስት ቀን በኋላ፣ የካቲት 17፣ በቡታጅራ አቅራቢያ ተይዘው ተረሸኑ። ድል አድራጊ ጦር ከተሸነፈው ላይ መሣሪያ ይሰበስባል፤ የጣሊያን ጦርም በያዘው አገር ሁሉ ይህንኑ አድርጓል። በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ሲመለስ ደግሞ ጣሊያኖች የተዉት ካርካኖና ከዚያ በፊት ሰብስበው ያከማቹት የኢትዮጵያ ጠመንጃ በኢትዮጵያ መንግሥትና በእንግሊዝ ጦር እጅ ገባ። ከ1945ቱ የኢትዮጵያና የአሜሪካ የመከላከያ ስምምነት በኋላ የአሜሪካ መሣሪያ፣ ከ1969 ወዲህ የሶቪየት መሣሪያ በላይ በላዩ ሲጨመር አሮጌው ወደ ግምጃ ቤቱ ጥልቀት እየተገፋ ሄደ።

በዚህ መልክ የተከማቸውን ጠመንጃ አሜሪካዊው ሰብሳቢ የሚገዛበት ሥርዓት በሕግ የተወሰነ ነው። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ መሠረት እ.ኤ.አ. በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጠመንጃ ጥንታዊ ዕቃ ተብሎ ስለሚቆጠር ያለ መሣሪያ ነጋዴ ፈቃድ ሊሸጥ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ተሠርቶ 50 ዓመት የሞላው ደግሞ ብርቅዬ ወይም ቅርስ በሚል ምድብ ሆኖ ሰብሳቢዎች በሚያወጡት ልዩ ፈቃድ ይገዛል። እ.ኤ.አ. የ1968ቱ የመሣሪያ ቁጥጥር ሕግ የውጭ አገር ጦር ትርፍ ጠመንጃ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ዘግቶት ነበር፤ ለዚህ ብርቅዬ ምድብ በሩ የተከፈተው በ1984ቱ ማሻሻያ ነው። በዚህ ምክንያት በካርካኖ አፈሙዝ ላይ የተመታው የተሠራበት ዓመት 1895 መሆኑና 1905 መሆኑ ጠመንጃውን ከአንድ የሕግ ምድብ ወደ ሌላ ያሻግረዋል። አስመጪው ደግሞ ስሙንና ከተማውን በሚያስገባው ጠመንጃ ላይ የመምታት ግዴታ ስላለበት፣ ይህ የአስመጪ ምልክት በሚታይ ስፍራ ሲሆን ሰብሳቢዎች ዋጋ ይቀንሱበታል። ለኢትዮጵያ ጠመንጃ ግን ይህ ምልክት ከየት እንደ መጣ ከሚመሰክሩት ጥቂት ነገሮች አንዱ ሊሆን ስለሚችል ባይናቅ ይሻላል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የአካል ምርመራ ነው። ጠንቃቃ ገዢ በመጀመሪያ የአፈሙዙን ውስጥ በብርሃን ይመለከታል፤ ጥይቱን የሚያሽከረክረው ጠመዝማዛ ቦይ ጠርዙ ስለት እንዳለው፣ ዝገት ጉድጓድ እንደ ፈጠረበት፣ ለዓመታት በመወልወያ ዘንግ ሲፈገፈግ የኖረው ጫፍ እንደ ሰፋ ያያል። ቀጥሎ ቁጥሮችን ያነጻጽራል፤ በፋብሪካ ውስጥ መዝጊያው፣ የጥይት ማደሪያውና አንዳንድ ጊዜም እንጨቱ አንድ ዓይነት ቁጥር ስለሚመታባቸው፣ ቁጥራቸው የሚስማማ ጠመንጃ ክፍሎቹ ሳይቀያየሩ የኖረ ነው። በኢትዮጵያ ጠመንጃዎች ዘንድ ይህ መስማማት የተለመደ አይደለም፤ ምክንያቱም በግምጃ ቤትም ሆነ በጦር ሜዳ አንዱ ለሌላው መለዋወጫ ሆኖ ኖሯል። ሦስተኛው መለኪያ የሰው ሕይወት የሚወሰንበት ነው። መዝጊያው በተዘጋ ጊዜ በመዝጊያው ፊትና በቀለሁ መቀመጫ መካከል የሚቀረው ክፍተት ከልክ በላይ ከሆነ ቀለሁ ሊቀደድና ጋዙ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ስለሚችል፣ ይህ ክፍተት በልዩ መለኪያ ሳይታይ ማንም ባለሙያ አሮጌ ጠመንጃ አይተኩስም።

የቬተርሊው ጉዳይ ተለይቶ ሊነሣ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው። ይህ ጠመንጃ ሲፈጠር ለጥቁር ባሩድ የተሠራ ሲሆን፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሊያን የመሣሪያ እጥረት ስለገጠማት አፈሙዙ ውስጥ ሌላ ቱቦ አስገብታ የካርካኖን 6.5 ሚሊ ሜትር ጥይት እንዲጎርስ ለውጣዋለች። የተለወጠው ቬተርሊ ያንን ጥይት ይጎርሳል፤ መዝጊያው ግን ለጭስ አልባ ባሩድ ግፊት ታስቦ የተሠራ ስላልሆነ ደጋግሞ መተኮስ አደጋ አለው። ካርካኖው በበኩሉ ስድስት ጥይት የሚይዘው የብረት መያዣ ከሌለው ካዝናው በአግባቡ ስለማይሠራ፣ መያዣ የሌለውን ካርካኖ የሚገዛ ሰው በተግባር አንድ በአንድ የሚጎርስ ጠመንጃ ገዝቷል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ምዘና የትኛውም አገር ጠመንጃ የሚመዘንበት ነው። ችግሩ የሚመጣው ይኸው መለኪያ ወደ እንጨቱ ሲሻገር ነው። የኢትዮጵያ ጠመንጃ ሰደፍ ብዙ ጊዜ የተሰነጠቀ፣ በሽቦ የታሰረ ወይም በጠፍር የተሰፋ ነው። ጠፍር እርጥብ የከብት ቆዳ ሆኖ የተሰበረው አንገት ላይ ከተጠቀለለ በኋላ ሲደርቅ ስለሚጨመድድ እንጨቱን ከሙጫ ባልተናነሰ ጽናት ይይዛል። በአንዳንዶቹ ላይ በግዕዝ ፊደል የተቀረጸ ምልክት ይገኛል። በሻጭ የደረጃ ሰንጠረዥ ይህ ሁሉ ጉድለት ሆኖ ይመዘገባል፤ የተሰነጠቀው እንጨት ዋጋ ይቀንሳል፣ ገዢውም ብዙ ጊዜ ጠፍሩን ቆርጦ፣ እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ በዘይት አብርቶ፣ ጠመንጃውን ከፋብሪካ እንደ ወጣበት ቀን ለማስመሰል ይደክማል። ከሥራው በኋላ በእጁ የሚቀረው በአውሮፓ በመቶ ሺዎች ከተሠሩት መካከል የሆነ አንድ ተራ ጠመንጃ ነው። ለምን እንደ ተጠገነና የያዘው ሰው ጥይት ባይኖረውም እንኳ ለምን እንዳልጣለው የሚመሰክረው ቆዳ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ገብቷል። ይህ ጥፋት በአንድ ሰው ቤት በአንድ ከሰዓት የሚፈጸም ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። ሆኖም ቅርስን ከማቃጠል የሚለየው በፍጥነቱ ብቻ ነው። የይሁዳ አንበሳ ያለበት ማውዘር ብቻ ተፈላጊ ሆኖ ሌላው ሲናቅ ደግሞ ሌላ አደጋ ይወለዳል፤ ዋጋ የሚጨምር ምልክት ሁሉ አስመሳይ ቀራጭ ስለሚከተለው፣ የግምጃ ቤት መዝገብ በሌለበት እውነተኛውን ከሐሰተኛው የሚለየው የገዢው ዓይን ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሽያጩ ፈጽሞ ባይደረግ ይሻል ነበር የሚል ክርክር ሊቀርብ ይችላል፤ ነገር ግን ይህ ክርክር የሌላውን ወገን ማስረጃ መመዘን አለበት። መንግሥታት ትርፍ መሣሪያን ብዙውን ጊዜ የሚያስወግዱት በመቁረጥ ወይም በማቅለጥ ነው፤ ለሰብሳቢ የተሸጠ ጠመንጃ ቢያንስ ሳይቀልጥ ይኖራል። ቀላል መሣሪያ በሕገ ወጥ መንገድ እየተዘዋወረ ሰው በሚፈጅበት አገር ውስጥ የቆየ ክምችትን ማጽዳት ደግሞ በራሱ ተገቢ ዓላማ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 የሚቆጣጠረውም ይህንኑ አደጋ ነው። ስለዚህ ጥያቄው መሸጥ ወይስ አለመሸጥ የሚል ብቻ ሊሆን አይገባም። የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ለቅርስ የሰጠው ትርጉም በታሪክ ዘመን የሰው ልጅ የፈጠራና የሥራ ውጤት ሆኖ የጎላ ታሪካዊ ዋጋ ያለውን ነገር ያቅፋል፤ ቅርስም ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። በአድዋ የተማረከ ቬተርሊ ወይም ለክብር ዘበኛ የተገዛ፣ አንበሳ የተቀረጸበት ማውዘር በዚህ ትርጉም ውስጥ እንደሚገባ መከራከር አያስቸግርም። የትኛው ቬተርሊ ከአድዋ እንደ መጣ ለማወቅ ግን አስቀድሞ መመርመር ይጠይቃል፤ ምርመራው ደግሞ ጠመንጃው በሣጥን ታሽጎ ወደብ ከመድረሱ በፊት መሆን አለበት። ኢትዮጵያ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ለተወሰዱት ቅርሶች መመለስ በጽናት ስትከራከር የቆየች አገር ስለሆነች፣ በራሷ በር የሚወጣውን በዚያው ሚዛን ልትመዝነው ይገባል።

አሠራሩ ውድ አይደለም። ለእያንዳንዱ ጠመንጃ የተሠራበትን ፋብሪካና ዓመት፣ መለያ ቁጥሩን፣ በብረቱና በእንጨቱ ላይ ያሉትን ምልክቶች ፎቶግራፍ፣ የነበረበትን ግምጃ ቤትና ወደዚያ የገባበትን ሁኔታ የሚይዝ አንድ ገጽ በቂ ነው፤ የታሪክ ተማሪዎች ከመሣሪያ ባለሙያ ጋር ሆነው ሊሠሩት ይችላሉ። ይህ ገጽ የሻጩንም ጥቅም ይጨምራል፤ ምክንያቱም በሰብሳቢ ገበያ ሰነድ ያለው ጠመንጃ ሰነድ ከሌለው እጅግ በላቀ ዋጋ የሚሸጥ መሆኑ የታወቀ ነው። ያለ መዝገብ የተሸጠው ጠመንጃ በታሪክም በገንዘብም ከዋጋው በታች ተሸጧል።

ስለዚህ የመከላከያ ሚኒስቴርና የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን በግምጃ ቤት የቀረው አሮጌ መሣሪያ ከመውጣቱ በፊት እንዲመዘገብ ሊያደርጉ፣ ከእያንዳንዱም ዓይነት የተመረጡትን ለሙዚየም ሊያስቀሩ ይገባል። ማዕከሉን ቡታጅራ ያደረገው የምሥራቅ ጉራጌ ዞን አስተዳደርም ከጎጌቲ ዘመቻ ዘመን ጠመንጃዎች የራሱን ድርሻ ጠይቆ፣ የራስ ደስታንና የጓዶቻቸውን ታሪክ በሚገልጽ መልክ በከተማዋ ለሕዝብ ቢያሳይ ተገቢ ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ሌሎች ሰብሳቢዎችም የገዙትን የኢትዮጵያ ጠመንጃ ጠፍሩን ሳይፈቱ፣ እንጨቱን ሳይፍቁ እንዲያቆዩት፣ ምልክቶቹን በፎቶግራፍ አንሥተው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም እንዲልኩ ይጠየቃሉ።